ኢሉባቦር ይጠርባል፣ ስሙን ጅማ ይሸጣል

በአዲስ አበባ ከዋናው ፖስታ ቤት አካባቢ ጀምሮ ቸርችል ጎዳናን ተከትሎ የተሰለፉትን የስጦታ ዕቃ መደብሮች የሚያውቅ ሰው፣ በራቸው ላይ የምትደረደረውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አይስታትም። “የየት ሥራ ናት?” ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ “የጅማ!” ዕቃዋ በእርግጥ ጅማ ተጠርባ ሊሆን ይችላል። ከበደሌ ወይም ከመቱ በቡና መኪና ላይ ተጭና መጥታም ሊሆን ይችላል። ሻጩ አያጣራም፣ ገዢውም ማስረጃ አይጠይቅም። ሁለቱንም የሚያግባባቸው ስሙ ነው። ስሙ ደግሞ ዋጋ ያወጣል።

የቡና ነጋዴ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. ቡናን ማገበያየት ሲጀምር የያዮ፣ የጮራ፣ የአሌና የዲዱ ደረቅ ቡና የተመደበው በጅማ ቡና ስም ሥር ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው የጨረታ ሥርዓትም ቢሆን የኢሉባቦር ቡና በውጭ ገዢዎች ዘንድ ሲጠራ የኖረው በዚሁ በጅማ ስም ነው። ምርቱን የሚያወጣው አካባቢ አንድ፣ ስሙን የሚሰበስበው አካባቢ ሌላ ሆኖ ቆይቷል ማለት ነው። በቡና ላይ የሆነው በእጅ ሥራውም ላይ እየሆነ ነው። ልዩነቱ ቡናው ሚዛን፣ ደረጃና መጋዘን ስላለው ስሙን ቢያጣም ገዢ አያጣም። በርጩማው፣ ሰሌኑና ጀበናው ግን ከስም በቀር ደረጃ የሚያወጣላቸው ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ይህ ዕቃውን በጽሑፍ ማስተዋወቅ ያቃተው አገር፣ በጽሑፍ ስማቸው ከአገር አልፎ የተሰማ ሰዎችን ያፈራ ነው።

ከሁሩሙ እስከ ሱጴ

ከበደሌ ተነስቶ በያዮ በኩል ወደ መቱ የሚጓዝ ነጋዴ መቱ ከመድረሱ በፊት ሁሩሙን ያገኛል። በዚህች ስፍራ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ሒካ የሚባል ሕፃን ተወለደ። በልጅነቱ ተነጥቆ ተሸጠ፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተላለፈ ምጽዋ ደረሰ። እዚያም እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን ተማረ። በኋላ ኦኔሲሞስ ነሲብ ተብለው የታወቁት እኚሁ ሰው ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1899 ሲዊዘርላንድ ውስጥ እንዲታተም አድርገዋል። ከዚያም ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1894 ከአስቴር ጋኖ ጋር ተረቱን፣ ዘፈኑንና ምሳሌያዊ አነጋገሩን የሰበሰበ የንባብ መጽሐፍ አሳትመዋል። ሥራቸው የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር።

ለገበያ ዓምድ አንባቢ የኦኔሲሞስ ታሪክ ከሃይማኖት ታሪክነቱ ሌላ ትርጉምም አለው። በዚያ ዘመን ከአካባቢው ወደ ባሕር በር ይወጣ በነበረው የንግድ ዝርዝር ውስጥ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ ከሰው ጋር አብረው ነበሩ። ሒካ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የወጣ “ዕቃ” ነበር። ቋንቋውን ብቻ ይዞ ወጣ፤ በዚያችው ቋንቋ መጽሐፍ ሠራ። መጽሐፉ የታተመው ግን ከሁሩሙ በብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው።

ሁለተኛው ሰው የበለጠ ለዘመናችን ይቀርባል። ደራሲ በዓሉ ግርማ የተወለደው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኢሉባቦር፣ ሱጴ ነው። አባቱ ሕንዳዊ ነጋዴ ነበሩ። “ሕንዳዊ ነጋዴ ሱጴ ምን ይሠራል?” ለሚል መልሱን የሚሰጠው የባሮ ወንዝ ነው። በ1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዞች መካከል በተፈረመው ውል መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ውኃው በሚሞላባቸው የክረምት ወራት የእንፋሎት ጀልባዎች ከካርቱም ተነስተው ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ከጎሬ በቡሬ በኩል ቁልቁል የሚወርደው ቡናና ሰም በጀልባው ይሄዳል፤ ጨው፣ አቡጀዲና የብረታ ብረት ዕቃ በዚያው ይመጣል። ጎሬ በዚያ ዘመን የግሪክ፣ የሶሪያ፣ የአርመንና የሕንድ ነጋዴዎች መደብር የከፈቱባት፣ የእንግሊዝ ቆንስላ የተቀመጠባት ከተማ ነበረች። ያ ንግድ ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንገዱ ሁሉ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ ሲያዞር ቀዘቀዘ። ሱዳን ነፃ ስትወጣ፣ በ1949 ዓ.ም. የጋምቤላው ጣቢያ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የአስተዳደር መዲናነቱም ከጊዜ በኋላ ከጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው መቱ ተዛወረ።

በዓሉ ግን ገና በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። ጄኔራል ዊንጌት ተማረ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ አሜሪካ ሄዶ ተመለሰ። በመነን፣ በአዲስ ሪፖርተር፣ በአዲስ ዘመንና በኢትዮጵያን ሄራልድ በአዘጋጅነት ሠራ። በ1966 ዓ.ም. የወጣው “የኅሊና ደወል” የተሰኘው ልብ ወለዱ የተወለደባትን ሱጴን መቼቱ ያደረገ ነው፤ በኋላ “ሐዲስ” በሚል ርዕስ አሻሽሎ ጽፎታል። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የታተመው “ኦሮማይ” ደግሞ ገና በትኩሱ ከመደብር ተለቅሞ ታገደ። ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ የሆነውን የገበያ ሁኔታ የሚያስታውሱ አንባቢዎች ብዙ ናቸው። መጽሐፉ በእጅ በእጅ ተሸጠ፤ ጥቁር ገበያው ሽፋኑ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ብዙ እጥፍ ጠየቀበት። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን በአቅርቦትና በፍላጎት መስመር በቀላሉ ሊያስረዳ ይችላል። አቅርቦቱ በትእዛዝ ተቆረጠ፣ ፍላጎቱ በወሬ ናረ። ከዚያ ሁሉ ትርፍ ግን ለጸሐፊው ቤተሰብ የደረሰ አንድ ሳንቲም ሊኖር አይችልም። ትርፉ የደላላው ነበር። መጽሐፉ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በድጋሚ ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር መጽሐፍ ቤቶች ለገበያ ቀርቧል።

ጸሐፊው ቢያንስ ሕግ አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ መብቱን ይጠብቃል። ሱጴ ተቀምጦ በርጩማ የሚጠርበው ሰው ግን ቅርጹ የአያት የቅድመ አያት ነውና የኔ ብሎ የሚያስከብረው ነገር የለውም። ማንም አይቶ ሊሠራው፣ ማንም የፈለገውን ስም ሰጥቶ ሊሸጠው ይችላል።

እንጨቱና አዋጁ

ባለ ሦስት እግሯ በርጩማ ምስማር አታውቅም። መቀመጫዋም እግሮቿም ከአንድ ግንድ የሚወጡ ናቸው። ለዚህ ሥራ ተመራጩ ዋንዛ ነው፤ ለመጥረቢያና ለመሮ ይታዘዛል፣ ምስጥ አይደፍረውም፣ ሲታሽ ቀለሙ ያምራል። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚሁ ከዋንዛው ነው።

የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን፣ ጽድን፣ ዝግባንና ዋንዛን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሏል። አዋጁ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. በወጡ ሕጎች ቢተካም ለአገር በቀል ዛፎች የሚደረገው ጥበቃ አልላላም። ከዚህም ሌላ የያዮ ጥቅጥቅ ደን፣ የጫካ ቡና መገኛ በመሆኑ፣ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። የባዮስፌሩ እምብርት የሆነው ክፍል መጥረቢያ አይገባበትም። ይህ መሆኑ ተገቢ ነው። ደኑ ከጠፋ ቡናውም ማሩም የለም።

ይሁን እንጂ ዋንዛ የደን ዛፍ ብቻ አይደለም። ገበሬው በማሳው ዳር፣ በቡናውም መሀል ለጥላ ያሳድገዋል። ከራሱ ማሳ የወደቀ ወይም ያረጀ ዛፍ ለጠራቢው ሕጋዊ ጥሬ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መንገድ ላይ ኬላ አለ። በርጩማው ከማሳ በተገኘ እንጨት መሠራቱን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ኬላ ጠባቂው የደንና የማሳ ዋንዛ መለየት አይጠበቅበትም። በዚህ የተነሳ ወረቀት የሌለው ሠሪ ዕቃውን ሩቅ ከመላክ ይልቅ እዚያው ለደረሰ ደላላ በወጣለት ዋጋ ያስረክባል። ወረቀቱን የማስወጣት አቅም ያለው ደላላው ነው፤ ስለዚህ ትርፉም የእሱ ነው። ወደዚህ ንግድ ለመግባት የሚያስብ ባለሀብት ከዋጋው በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ “እንጨቱ ከየት መጣ? ወረቀቱስ?” የሚለው ነው። መልስ የሌለው ዕቃ ርካሽ ቢሆንም ውድ ነው።

እንጨቱ ተገኝቶም መድረቅ አለበት። ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የሚወርድባት፣ ከአገሪቱ ዝናባማ ከተሞች አንዷ ናት። በርጥቡ የተጠረበ በርጩማ በመቱ እርጥበት ውስጥ ደህና ይመስላል። አዲስ አበባ ደርሶ የበጋ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ገዢው የሚወቅሰው ሠሪውን ነው፤ ጥፋቱ ግን ለማድረቂያ የሚሆን ወራት የሚያስታግስ ገንዘብ ማጣት ነው። ጠራቢው ዛሬ ጠርቦ ዛሬ መሸጥ አለበት። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው የሥራ ማስኬጃ ብድርና ጣሪያ ያለው ማድረቂያ ብቻ ነው። ባለሙያ ከውጭ ማምጣት የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

አየር የሚጭን መኪና

ከአዲስ አበባ መቱ በጅማ መንገድ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጭነት ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያየው ርቀቱን ነው። ለእጅ ሥራ ግን ከርቀቱ ይልቅ ቅርጹ ይበልጥ ይጎዳል።

በምሳሌ እናስላው። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ አለ እንበል። ቡና ከጫነ 50 ኩንታሉን ሞልቶ ይሄዳል፤ ኪራዩም ለ50 ይካፈላል። ያንኑ መኪና በበርጩማ ብንሞላውና 500 ቢይዝ፣ እያንዳንዷ 3 ኪሎ ብትመዝን፣ ጠቅላላው 15 ኩንታል ነው። ቀሪው 35 ኩንታል አየር ነው። ኪራዩ ግን አይቀንስም። ስለዚህ የአንድ ኪሎ በርጩማ ማጓጓዣ ከአንድ ኪሎ ቡና ማጓጓዣ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። እግሩን ለብቻ ሠርቶ መግጠም ጭነቱን ይቀንሳል። ነገር ግን ያን ጊዜ ዕቃው ተራ ወንበር ሆነ ማለት ነው፤ ዋጋው ያለው ከአንድ ግንድ በመውጣቱ ነውና።

ጀበናና ድስት ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። በሸክላ ንግድ የሚሰበረው ቁጥር አስቀድሞ በዋጋው ውስጥ ይገባል። የኢሉባቦር ሸክላ ሠሪ በክረምት ማድረቅ አትችልም፤ በበጋ የሠራችውን ደግሞ በቅርብ ገበያ ካልሆነ በስተቀር ሳይሰበር የምታደርስበት መንገድ ጠባብ ነው። የሸክላ ሥራ የሩቅ ገበያ ሊኖረው የሚችለው በጭድና በሳጥን ታሽጎ የሚጓዝ፣ ለስጦታ የሚሆን አነስተኛ ጀበና ሲሆን ብቻ ይመስላል።

ለመኪናው የሚመቹት ሁለት ዕቃዎች ናቸው። አንደኛው ከዘንባባ ቅጠል የሚሠራው ሰሌን ነው፤ ይጠቀለላል። ሁለተኛው ከጫካ ሐረግ የሚታታው ቅርጫት ነው፤ አንዱ ባንዱ ውስጥ ይገባል። ሰሌኑን ከውጭ የሚገባው የፕላስቲክ ምንጣፍ ክፉኛ መትቶታል። በርጩማውን የፕላስቲክ ወንበር፣ እንስራውን ጄሪካን እንደመታው ሁሉ ማለት ነው። በገጠር ቤት ውስጥ ከፕላስቲክ ጋር በዋጋ መወዳደር የማይቻል ነው። ስለዚህ ሰሌኑ ወደ ከተማ ሆቴል፣ ወደ ሎጅና ወደ ቡና መጠጫ ቤት ካልሄደ መኖሪያ የለውም።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ ከአዲስ አበባ በፊት የሚታሰብ አንድ የቅርብ ገበያም አለ። ይኸውም ቀፎ ነው። ኢሉባቦር የማር አገር ነው። ባህላዊው ቀፎ ከሐረግና ከልጥ ተሠርቶ ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ጭፈቃ የሚባለው የሽግግር ቀፎም ከአካባቢው ሐረግና ጭቃ በቀላሉ ሊሠራ ይችላል፤ ቆራጩ ምርቱን ለመቁረጥ ዛፍ ላይ መውጣት አይኖርበትም። ቀፎ ያረጃል፣ ይተካል። ገዢውም ስለ ስም አይጨነቅም። የኢትዮጵያ ማር እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት የተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ከገባ ወዲህ የማር ላኪዎች ብዛት ያለው፣ ጥራቱ የተጠበቀ ማር ይፈልጋሉ። ለሐረግ ሠሪው ዓመቱን ሙሉ የሚሆን ሥራ ያለው ከስጦታ ዕቃው ይልቅ እዚህ ሳይሆን አይቀርም። የቱሪስት በርጩማ ያምራል፤ ቀፎው ግን ልጆች ያሳድጋል።

በዚህ ላይ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራብ ኦሮሚያ የታየው የጸጥታ ችግር የመንገዱን ንግድ እየጎዳው ቆይቷል። መኪናው በተጠራጠረ ቁጥር ኪራይ ይጨምራል። ጭማሪው ለቡና ይቻላል፤ ለበርጩማ ግን ትርፉን ጠራርጎ ይወስደዋል።

ስሙን ማን ይጽፋል?

በ1997 ዓ.ም. ቤተልሔም ጥላሁን ሶልሬብልስን ዘነበወርቅ ሰፈር ስታቋቁም የያዘችው አዲስ ቴክኖሎጂ አልነበረም። ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን፣ ማንም ባለአገር የሚያውቀውን ባራባሶ ነው የያዘችው። የጨመረችበት ዲዛይኑንና ታሪኩን ነው። ጫማው ማን እንደሠራው፣ ከምን እንደተሠራ የሚናገር ጽሑፍ ይዞ ወጣ፤ ውጭ አገር ደርሶም በዚያ ጽሑፍ ጉልበት ተሸጠ። መንግሥት በበኩሉ በዚያው ዓመት የሐረርን፣ የሲዳሞንና የይርጋ ጨፌን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ከስታርባክስ ጋር ከተፈጠረው ንትርክ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ ተደረሰ። ከሦስቱ ስሞች መካከል ኢሉባቦር አልነበረም፤ ጅማም አልነበረም።

ስም ለንግድ የሚኖረውን ዋጋ የኢሉባቦር ሰው ያጣዋል ማለት አይቻልም። አውራጃው ራሱ ስሙን ያገኘው፣ እንደሚነገረው፣ ከኢሉ ጎሳና ከገዢው ከጫሊ ሾኖ የፈረስ ስም ከአባ ቦር ነው። የፈረስ ስም ማለት በዘመኑ ባለቤቱን በጦር ሜዳ የሚያስጠራ ምልክት ነበር። የዛሬው ጦር ሜዳ የመደብር መደርደሪያ ነው።

የእጅ ሠሪው ራሱ ስሙን ለማስጠራት ወደኋላ ማለቱ ግን ታሪካዊ ምክንያት አለው። ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ፋቂ የሚሉት ቃላት ለረጅም ጊዜ የሙያ መጠሪያ ሳይሆኑ ስድብ ነበሩ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ ምን ያህል የተስፋፋ እንደነበር ያሳያል። አዋጁ ስድቡን በአንድ ቀን አላጠፋውም። “እኔ ሠራሁት” ብሎ በዕቃው ላይ መጻፍ የሚያሳፍርበት አካባቢ ደላላው የፈለገውን ቢጽፍ የሚከራከረው የለም።

ሕጉ ግን በር ከፍቷል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ከግለሰብ ምልክት ሌላ የወል ምልክትን ይፈቅዳል። አንድ ማኅበር ምልክቱን አስመዝግቦ አባላቱ ብቻ እንዲጠቀሙበት ማድረግ ይችላል። ቅርጹ የማንም ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ግን የማኅበሩ ይሆናል። በቸርችል ጎዳና መደብር ውስጥ “የጅማ” የሚባለው በርጩማ እግሩ ሥር የተቃጠለ ማኅተም ካለበት ሻጩ እንደ ልቡ ሊሰይመው አይችልም። ወጪው የጋለ ብረትና አንዲት ወረቀት ነው። ወረቀቷ ላይ እንጨቱ ከየትኛው ማሳ እንደተገኘ፣ ስንት ወር እንደደረቀ፣ የሠሪው ስም ማን እንደሆነ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ ቢሰፍር ለገዢው መተማመኛ፣ ለኬላው ደግሞ ማስረጃ ይሆናል።

ይህን የሚጽፍ ሰው ከሩቅ መፈለግ አያሻም። መቱ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት። ከከተማው ብዙም በማይርቀው የሶር ፏፏቴ የሚሄደው እንግዳ ሲመለስ ይዞት የሚሄደው ነገር ይፈልጋል። የ“ኦሮማይ”ን እንግሊዝኛ ትርጉም አንብቦ ደራሲው የተወለደበትን ሱጴን በካርታ የሚፈልግ የውጭ አገር አንባቢም ቢሆን እንደዚያው ነው። መጽሐፉን አዲስ አበባ ገዝቶ ሱጴ ሲደርስ ግን የሚገዛው ነገር ከሌለ ገንዘቡ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ይመለሳል።

የወል ምልክት ለማስመዝገብ ከማመልከቻው ጋር የሚቀርበው ዋናው ሰነድ የአጠቃቀም ደንብ ነው። አባል ማን ነው? የትኛው እንጨት ይፈቀዳል? ስንት ጊዜ ይደርቃል? የተሰነጠቀ ዕቃ ቢመለስ ማን ይከፍላል? እነዚህ በሁለት በሦስት ገጽ የሚያልቁ ናቸው። የሚያከራክረው የመጀመሪያው መስመር ነው፦ “የመቱ”፣ “የጎሬ” ወይስ “የኢሉባቦር”? በደሌ ዛሬ የቡኖ በደሌ ዞን ከተማ ናትና ሦስተኛው ስም ከተመረጠ የበደሌ ጠራቢዎች የመግባታቸውና ያለመግባታቸው ነገር አስቀድሞ መቆረጥ ይኖርበታል።